ቱሪስቱ በማን እጅ ያልፋል? የወንጪ፣ የዘጌና የሌሎች ሐይቅ ዳር ሰዎች ቅሬታ ከየት ይመጣል

ስለ ቱሪዝም ሲወራ የሐይቅ ዳር ገበሬ ሁለት መልክ ነው ያለው። አንዱን ቴሌቪዥን ላይ እናየዋለን፤ ጋቢውን ጣል አድርጎ፣ የፈረሱን ልጓም ይዞ፣ ማይክ ሲቀርብለት "ተጠቃሚ ሆነናል" ይላል። ሌላውን ፌስቡክ ላይ እናገኘዋለን፤ መሬቱ ለሎጅ ተወስዶበት ሐይቁን በአጥር ቀዳዳ ያያል። ሁለቱም አሉ። አብዛኛው ሰው ግን መሃል ላይ ነው። ወንድሙ ባለፈረስ ስለሆነ እንግዳ እንዲመጣ ይጸልያል። የራሱ ገብስ ሲረገጥበት ደግሞ "ምን ሊያዩ ነው የሚመጡት?" ብሎ ያማርራል። ሁለቱንም በአንድ ቀን።

ስለዚህ "የአካባቢው ሰው ቱሪስት ይወዳል ወይስ ይጠላል?" የሚለው ጥያቄ ብዙም ወደፊት አያስኬድም። የሚሻለው ሌላ ጥያቄ ነው። እንግዳው ከመኪና ከወረደበት ጀምሮ ተመልሶ እስኪሳፈር በስንት ሰው እጅ ያልፋል? እጆቹስ የማን ናቸው? ይህን ያወቀ ሰው የሰፈሩን ስሜት ሳይጠይቅም መገመት ይችላል።

ወንጪን እንያዝ። ከአዲስ አበባ በአምቦ በኩል ቢኬድ 155 ኪሎ ሜትር አካባቢ ነው። በወሊሶ በኩልም ይደረሳል። ቦታው የጠፋ እሳተ ገሞራ አፍ ነው፤ የተራራው ከፍተኛ ጫፍ ከባሕር ጠለል በላይ 3,386 ሜትር ይደርሳል። ሐይቁ ታች ጎድጓዳው ውስጥ ነው። መሃሉ ላይ ደሴት አለ፤ ደሴቱ ላይ የቂርቆስ ገዳም አለ። ማዶ ላይ ፍል ውሃ፣ ጠበልና በወራጅ ውሃ የሚዞር የድሮ ወፍጮ ይገኛል። የአካባቢው ሰው ኦሮምኛ ተናጋሪ ገበሬ ነው። ገብስና ድንች ይዘራል፣ ጓሮው እንሰት ነው፣ ከብት ያረባል፣ ቀፎ ይሰቅላል። ፈረስ እዚያ ለጌጥ አይያዝም። ሰውም እህልም የሚጓጓዝበት ነው።

ተራ

የድሮው የወንጪ ጉብኝት እንዲህ ነበር። ተራራው ጫፍ ላይ መኪናህን ታቆማለህ። የአካባቢው ሰዎች ማኅበር ቢሮ ገብተህ ትኬት ትቆርጣለህ። አስጎብኚ ይመደብልሃል። ፈረስ ላይ ትወጣና ቁልቁል ትወርዳለህ። ሐይቁ ዳር ስትደርስ ጀልባ ተሳፍረህ ወደ ገዳሙ ትሻገራለህ። ከዚያ በማዶ በኩል ወርደህ ወደ ፍል ውሃው በእግርህ ትሄዳለህ። ስትመለስ ፈረሱ ዞሮ መጥቶ ይጠብቅሃል፤ ዳገቱን ያወጣሃል። ግማሽ ቀን ሙሉ ነው።

ማኅበሩን የአካባቢው ሰዎች ከሃያ ዓመት በፊት ገደማ ሲያቋቁሙት የጀርመኑ የልማት ድርጅት ጂቲዜድ ረድቷቸዋል። ገንዘብም ሥልጠናም መጥቷል። እኔን የሚገርመኝ ግን ከውጭ የመጣው አይደለም፤ ሰዎቹ ራሳቸው በደንብ የሚያውቁት የተራ ነገር ነው። ዛሬ የአንተ ፈረስ ወጣ፤ ነገ የጎረቤትህ ይወጣል። እንግዳው "ያንን ነጩን ስጡኝ" ቢል አይሆንም፤ ተረኛው ቡናማው ነው። የዕቁብ ዕጣ ሲደርስህ የምትበላው ዛሬ የበለጠ ስለሠራህ አይደለም፤ ተራህ ስለሆነ ነው። እዚህም እንደዚያው።

እንግዳ ይህን አይወደውም። ከሲታ ፈረስ ሲደርሰው ይነጫነጫል። ጎበዝ እንግሊዝኛ የሚናገረውን አስጎብኚ ፈልጎ ዝምተኛው ሲመደብለት ያኮርፋል። ንግድ የተማሩ ሰዎችም ተራ ጥራትን ይገድላል ይላሉ፤ ጎበዙም ሰነፉም እኩል ካገኘ ማን ይተጋል? ክርክሩ እውነት አለው። ግን ተራው የሚሠራው ሥራ ሌላ ነው። ተራ በሌለበት አንድ መኪና ሲቆም አስር ሰው ይከበዋል። አንዱ ልጓም ይስባል፣ ሌላው ክንድ ይይዛል፣ ሦስተኛው "በርካሽ እወስድሃለሁ" ይላል። በማግስቱ እነዚህ አስር ሰዎች በአንድ ለቅሶ ላይ መቀመጥ አለባቸው። ተራ የሚጠብቀው ይህንን መቀመጥ ነው። ባሕር ዳርም ሆነ አርባ ምንጭ ጀልባዎች በማኅበር የሚሠሩት ያለምክንያት አይደለም።

እንግዲህ እጆቹን ቁጠር። ትኬት ቆራጩ፣ አስጎብኚው፣ ባለፈረሱ፣ ፈረሱን እየሳበ ጭቃ ላይ የሚሮጠው ልጅ፣ ጀልባ ቀዛፊው፣ ገዳሙ፣ መንገድ ዳር ቅቅል ድንች ይዛ የተቀመጠችው ሴት፣ መኪና ጠባቂው። አንድ እንግዳ የሚያወጣው ገንዘብ ብዙ አይደለም። ሆኖም ተቆራርሶ ብዙ ቤት ይገባል። የእያንዳንዱ ቤት ድርሻ ትንሽ ነው፤ "ከቱሪስት ምንም አላገኘሁም" የሚለው ቤት ግን ያንሳል። እንዲህ ባለ ቦታ እንግዳ ሲመጣ ውሻ የሚከለክለውም፣ የጠፋ ስልክ የሚፈልገውም ይበዛል።

በእኛ 2014 ዓ.ም.፣ እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2021 ማለት ነው፣ የተባበሩት መንግሥታት የዓለም ቱሪዝም ድርጅት ምርጥ የቱሪዝም መንደሮች ብሎ 44 መንደሮችን ሲመርጥ ወንጪ አንዷ ሆናለች። የተመረጠችው ውብ ስለሆነች ብቻ አይመስለኝም። ውብ ሐይቅ ያለው መንደር ሞልቷል።

መንገዱ ሲደርስ

በ2012 ዓ.ም. ክረምት "ገበታ ለሀገር" የተባለው የቱሪዝም መዳረሻዎች ልማት ፕሮጀክት ይፋ ሆነ። ጎርጎራ፣ ወንጪና ኮይሻ ተመረጡ። 3 ቢሊዮን ብር ለመሰብሰብ ታቀደ። ዛሬ ወንጪ ላይ ዘመናዊ ሎጅ አለ፤ መንገዱም ድሮ የሚያውቀው ሰው የሚደነቅበት ሆኗል።

እዚህ ጋ አዲስ አበባ ቁጭ ብሎ የሚተች ሰው ቶሎ ይሳሳታል። ገበሬው መንገዱን ሲያይ መጀመሪያ የሚያስበው ቱሪስት አይደለም። ድንቹን ነው። ድሮ በፈረስ ጭኖ፣ በክረምት ጭቃ እየተንሸራተተ ገበያ ያደርስ ነበር። ምጥ የያዛት ሴት በቃሬዛ ዳገት ትወጣ ነበር። መንገድ ማለት እዚያ ይህ ነው። "የተፈጥሮ ውበቱ ተበላሸ" ብሎ ፎቶ የሚለጥፍ ሰው ዳገቱን በቃሬዛ አልወጣውም። ይህን ሳይዙ ስለ ቱሪዝም ቅሬታ ማውራት ሰዎቹን አለማወቅ ነው።

ይሁንና መንገዱ ማንም ሆን ብሎ ያላሰበው ሌላ ነገር ይዞ መጣ። ወንጪ ላይ ፈረስ ገቢ ያስገኝ የነበረው መንገዱ መጥፎ ስለነበረ ነው። ቁልቁለቱ በመኪና የማይሞከር፣ በእግር የሚያደክም ስለሆነ እንግዳው የግዱን ፈረስ ይከራያል። መኪና ወደ ታች መውረድ ሲችል ፈረስ ከግዴታ ወደ መዝናኛ ይቀየራል። መዝናኛ ደግሞ ይቀራል፣ ይዘለላል፣ ዋጋው ይከራከሩበታል። "አንድ ዙር ብቻ፣ ለፎቶ" የሚባለው ያኔ ነው። የግማሽ ቀን ሥራ የአስር ደቂቃ ይሆናል።

ባለፈረሱ መንገዱን አይጠላም። በዚያው መንገድ ልጁን ሐኪም ቤት አድርሶበታል። ግን ገቢው ሲቀንስ ይሰማዋል፤ የሚወቅሰውም ሰው ያጣል። የወንጪ ዓይነት ቅሬታ ብዙ ጊዜ እንዲህ ነው። አድራሻ የለውም። ሚኒባሱን፣ ሎጁን፣ ማኅበሩን፣ ቀበሌውን እየዞረ ይነካካል።

ሎጁ ሥራ አልፈጠረም ማለት አይቻልም። ጥበቃ፣ ጽዳት፣ አትክልተኛ፣ ወጥ ቤት ረዳት፣ ግንባታው ላይም የቀን ሠራተኛ። ፊት ለፊት ያለው ሥራ ግን፣ እንግዳ መቀበያው፣ ሂሳቡ፣ አስተናጋጁ፣ ወረቀትና ቋንቋ ይፈልጋል። ሆቴል ሥራ ተምሮ ዲፕሎማ የያዘ ልጅ ገደሉ ውስጥ ብዙ የለም፤ ስለዚህ ከከተማ ይመጣል። ይህ የማንም ተንኮል አይደለም፤ የትም አገር እንዲሁ ነው። የሚያመጣው ስሜት ግን አለ። ትናንት ፈረሱን ይዞ "እንኳን ደህና መጡ" ይል የነበረው ሰው ዛሬ በር ላይ ቆሞ "ማንን ፈልገው ነው?" ይላል። ባለቤት መሆን ቀርቶ ዘበኛ መሆን። ደሞዙ ከፈረሱ ቢበልጥ እንኳ ነገሩ ይከነክናል።

ሌላም ልዩነት አለ። ደሞዝ ወደ አንድ ቤት በየወሩ ይገባል። ተራ በየቤቱ እየዞረ ትንሽ ትንሽ ይጥላል። አንድ ሎጅ ሃምሳ ሰው ቢቀጥር ሃምሳው ቤት በደንብ ይቀየራል። ሃምሳ አንደኛው ቤት ግን ከተራውም ከደሞዙም ውጭ ነው። ድሮ ድህነቱ ከጎረቤቱ ጋር እኩል ስለነበር አይታየውም ነበር፤ አሁን አጥር ለአጥር ይታየዋል። በስብሰባ ላይ ጮክ ብሎ የሚናገረው አብዛኛውን ጊዜ እሱ ነው።

መሬትና እንሰት

ስለ ካሳ ሲወራ ብዙ ሰው "ስንት ተከፈላቸው?" ብቻ ነው የሚጠይቀው። ሕጉ ምን ይላል? በአገራችን መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ ገበሬው ባለይዞታ ነው። በ1997 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 455 በቋሚነት ለሚፈናቀል ገበሬ የአምስት ዓመት አማካይ ዓመታዊ ገቢውን በአስር አባዝቶ ይከፍል ነበር። በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1161 ይህን ከፍ አደረገው። ካለፉት ሦስት ዓመታት የተሻለው ዓመት ገቢ ተይዞ በአስራ አምስት ይባዛል። በወረቀት ላይ ትልቅ መሻሻል ነው። አዋጁ ባለይዞታው መሬቱን በዕቅዱ መሠረት ራሱ ወይም ተደራጅቶ ማልማት ከቻለ ቅድሚያ እንዲያገኝም ይላል። ይህቺን አንቀጽ ልብ በሉልኝ፤ ቱሪዝም ላይ ከካሳው በላይ የምትጠቅመው እሷ ናት። ሐይቅ ዳር ያለ ገበሬ ከነመሬቱ የንግዱ አካል መሆን የሚችለው በእሷ በኩል ነው።

እንሰት ግን ለሒሳብ አይመችም። ገብስ በዓመቱ ይታጨዳል፤ ይመዘናል፤ ዋጋው ይታወቃል። እንሰት ተተክሎ ለመድረስ ዓመታት ይፈጃል። ጓሮ ውስጥ የተለያየ ዕድሜ ያለው ተደርድሮ ይቆማል፤ አንዱ ሲቆረጥ ሌላው ይደርሳል። ዝናብ ቢቀር፣ ገብሱ ቢከሽፍ፣ ቆጮ አለ። ቤቱን ከረሃብ የሚጠብቀው እሱ ነው። ካሳ የተቀበለ ሰው ገንዘቡን ባንክ ማስገባት ይችላል። ባንክ ውስጥ ያለ ብር ግን ዋጋ ሲንር ይቀልጣል፤ ጓሮ ያለ እንሰት አይቀልጥም። አንዳንድ ሰው በቁጥር ሲታይ ጥሩ የሚባል ካሳ ተቀብሎም የሚያዝነው ለዚህ ነው።

ከቅዳሜ እስከ እሁድ

አሁን ደግሞ ስለ እኛ እናውራ፤ ከአዲስ አበባ ስለሚሄደው።

ቱሪስት ሲባል ብዙ ሰው ፈረንጅ ይታየዋል። በቅርብ ዓመታት ግን እነዚህን ሐይቆች የሚያጨናንቀው ከተሜው ነው። የእግር ጉዞ ቡድኖች፣ የመሥሪያ ቤት ጉዞ፣ የልደት ፒክኒክ፣ በቴሌግራም የተሰበሰበ የማይተዋወቅ ሰው። ጠዋት አስራ አንድ ሰዓት መነሻ፣ ማታ አንድ ሰዓት መመለሻ። ለአገር ውስጥ ቱሪዝም ትልቅ ነገር ነው፤ እሱን አልክድም። ፈረንጁ በኮቪድም በጦርነቱም ሲጠፋ የመጣው እሱ ብቻ ነው።

ግን የጉዞውን ማስታወቂያ አንድ ጊዜ አስተውላችሁ አንብቡት። "ትራንስፖርት፣ ቁርስ፣ ምሳ፣ ውሃ፣ ስናክ፣ ፎቶግራፈር፣ ሁሉንም ያካተተ" ይላል። ሁሉንም ያካተተ ማለት ወንጪን ያላካተተ ማለት ነው። ምሳው ከአዲስ አበባ በፌስታልና በድስት ይሄዳል። ውሃው በደርዘን ተገዝቶ አውቶቡሱ ሆድ ውስጥ ተቀምጧል። አስጎብኚው ከቡድኑ ጋር የመጣ ልጅ ነው። ሃምሳ ሰው መጥቶ፣ ጨፍሮ፣ ፎቶ ተነስቶ፣ የመግቢያ ብቻ ከፍሎ ይሄዳል። የሚቀረው ባዶ ሃይላንድ ነው። ሃይላንዱን እንኳ ልጆቹ ይሻሙበታል፤ ለወተት፣ ለዘይት ይሆናል። የተቀረው ፌስታልና የለስላሳ ቆርቆሮ ግን ዳገቱ ላይ ይሰነብታል።

ድርድሩም አለ። ፈረንጅ የተባለውን ይከፍላል፤ አንዳንዴም በግልጽ ይጠየቅበታል። ሀበሻው ይከራከራል። ማኪያቶ በስንት እንደሚጠጣ ረስቶ ፈረሱን ዳገት ለሚያስወጣ ሰው "ለእኛማ ቀንሱ" ይላል። ባለፈረሱ ቋንቋውን ስለሚሰማ ከጀርባው የሚባለውንም ይሰማል። ከፈረንጁ ይልቅ ወገኑ የሚያስከፋው ለዚህ ይመስለኛል። ከውጭ ሰው ብዙም አልጠበቀም፤ ከወገኑ ግን ቢያንስ ሰላምታ ይጠብቃል። እርሻ መሃል ገብቶ ቅጠል ላይ ተኝቶ ፎቶ የሚነሳው፣ አራስ ቤት በር ላይ ድሮን የሚያስነሳው፣ በጾም ቀን ገዳሙ ትይዩ ስፒከር የሚከፍተው ብዙ ጊዜ ይኸው ሩቅ ያልሆነው እንግዳ ነው።

የልጆቹ ነገር ሌላ ነው። "ፔን! ፔን!"፣ "ብር ስጪኝ" የሚሉትን እናውቃቸዋለን። ወላጆች በዚህ ያፍራሉ። እንግዳው ደግሞ አንጀቱ ይላወሳል፤ ይሰጣል። ቅዳሜ ፈረስ ስቦ ጥሩ ጉርሻ ያገኘ የአስራ ሁለት ዓመት ልጅ ሰኞ ትምህርት ቤት ለመሄድ ምክንያት ያጣል። መምህሩ ከወር ደሞዙ ጋር ሲያስተያየው እሱም ቢሆን ለልጁ የሚለው ነገር ያጥረዋል። ይህን የሚያየው አባት ስለ ቱሪዝም ያለው ስሜት ምን ሊሆን ነው? ልጁ ያመጣው ብር ቤቱን ደግፏል። ልጁ ደግሞ ከእጁ እየወጣ ነው።

ጀልባ ያልመጣበት ዓመት

ወደ ጣና እንሻገር። ዘጌ ባሕረ ገብ መሬት ላይ ሕይወት ከሌላው ገጠር ይለያል። በትውፊቱ አቡነ በትረ ማርያም ሕዝቡ ያለ እርሻ፣ ያለ ከብት፣ በቡና፣ በጌሾና በሎሚ እንዲኖር አድርገዋል ይባላል። መሬት አይታረስም፤ በሬ አይገባም። ለዚህ ነው ዘጌ ጫካ ሆና የቀረችው። ጫካዋና እንደ ዑራ ኪዳነ ምሕረት፣ አዝዋ ማርያም ያሉ ጥንታዊ ቤተ ክርስቲያኖቿ እንግዳ ይጠራሉ። ከጀልባ ወርደህ ወደ ዑራ ኪዳነ ምሕረት የሚያወጣውን የድንጋይ መንገድ ስትይዝ ግራና ቀኙ መደብ ነው፤ ብራና ላይ የተሣለ ሥዕል፣ መስቀል፣ የመዳፍ ታህል ታንኳ፣ የዘጌ ቡና በፌስታል። ሻጮቹ አብዛኞቹ ሴቶችና ልጆች ናቸው።

ዘጌ ከወንጪ የተገላቢጦሽ ነው። ቅሬታው እንግዳው ሳይነካቸው ስላለፈ የመጣ አይደለም፤ ስለጠፋ ነው። መጋቢት 2012 ላይ ኮቪድ። ከዚያ ጥቅምት 2013 ላይ የጀመረው የሰሜኑ ጦርነት። ያ በፕሪቶሪያ ስምምነት ሲበርድ ከ2015 ክረምት ጀምሮ በአማራ ክልል የተነሳው ግጭት። ኑሮውን ጀልባ ላይ የጣለ ሰው እነዚህን ዓመታት እንዴት አለፋቸው? ቡናው አለ። ግን የቡና ገንዘብ በዓመት አንድ ጊዜ ነው፤ የመደቡ ገንዘብ በየቀኑ ነበር። የቀን ብር ሲጠፋ ዓይን ወደ ጫካው ይዞራል፤ ማዶ ባሕር ዳር ደግሞ ማገዶ ይፈልጋል። ጣና እ.ኤ.አ. በ2015 በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራ ሆኖ ተመዝግቧል። እንጨቱን የሚጠብቀው ግን ምዝገባው ብቻ አይደለም፤ መደቧ ላይ የተቀመጠችው ሴት ዛሬ ሽሮ መግዛቷና አለመግዛቷ ነው።

መደቡ ላይ የምትሸጠው ትንሿ ታንኳ አንድ ሌላ ታሪክ ታስታውሳለች። ታንኳ ከደንገል በመሥራት የሚታወቁት የነገደ ወይጦ ሰዎች ናቸው። የጣና ምልክት ተደርጎ በየፖስተሩ የሚወጣው የእነሱ እጅ ሥራ ነው። እነሱ ግን ከሐይቁ ዳር ማኅበረሰቦች ሁሉ እጅግ የተገፉት ናቸው። የባሕር ዳር ዳርቻ በሆቴልና በመዝናኛ እየተያዘ ሲሄድ ደንገሉም እየራቀ፣ ሰፈራቸውም እየተገፋ ሄዷል። ምስላቸው ይሸጣል፤ ገንዘቡ በእጃቸው አያልፍም። ስለ ቱሪዝም ምን ይሰማቸዋል ብሎ የጠየቃቸው ባለሥልጣን ካለ ደስ ይለኛል።

በሰሜንና በምሥራቅ ዳርቻ ደንቢያና ፎገራ ደግሞ ገበሬው እ.ኤ.አ. ከ2011 ወዲህ ከእምቦጭ ጋር ግብግብ ላይ ነው። ወገቡ ድረስ ውሃ ውስጥ ገብቶ በእጁ ይነቅላል። የቱሪስት ጀልባ እሱ ጋ አይደርስም።

ቢሾፍቱን በአጭሩ ልንካው፤ ገጠር መሆኑ ቀርቷልና። እዚያ ቅሬታው አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። ሐይቁን ለማየት ቡና መግዛት አለብህ። የውሃውን ዳር ሆቴሉ፣ ሪዞርቱና የግል ግቢው ተከፋፍሎታል። ድሮ ከብት ያጠጣ የነበረ፣ ልብሱን ያጠበ፣ የዋኘ የአካባቢው ልጅ አሁን በር ላይ ይፈተሻል። ወንጪ ወደዚያ ትሄዳለች አልልም። ግን ሐይቅ አጥር የሚገባው በአንድ ቀን አይደለም። ለከብቱ የውሃ መውረጃ ሳይተው የታጠረው የመጀመሪያው ግቢ ነው መንገዱን የሚያሳየው። ላንጋኖ አካባቢ ከብት የሚያረባ ሰው ይህን በደንብ ያውቀዋል።

የእነሱና የእኛ ምሬት

እ.ኤ.አ. በ1975 ጆርጅ ዶክሲ የተባለ ተመራማሪ የአካባቢ ሰው ስሜት በአራት ደረጃ ይሄዳል ብሎ ነበር። መጀመሪያ ደስታ፣ ከዚያ መላመድ፣ ከዚያ መማረር፣ በመጨረሻ ጥላቻ። አውሮፓ ላይ ይህን የሚያረጋግጥ የሐይቅ መንደር አለ፤ ኦስትሪያ ውስጥ ያለችው ሃልሽታት። ነዋሪዋ ከ800 በታች ነው። በተጨናነቀ ቀን እስከ 10,000 ሰው ይመጣባታል። እ.ኤ.አ. በ2023 ሰው ቆሞ ፎቶ የሚነሳበት ቦታ ላይ የእንጨት አጥር እስከማቆም ደረሱ፤ ጫጫታ ሲበዛ አነሱት። በዚያው ዓመት ነዋሪዎቹ ሰልፍ ወጥተው መንገድ ዘጉ፤ የጎብኚ ቁጥር ይገደብ አሉ።

የዶክሲ ደረጃ ለሃልሽታት ይሠራል። ለእኛ ሐይቆች ግን ልኩ አይደለም። እዚያ ሰው የተማረረው እንግዳው ስለበዛ ነው። እዚህ ደግሞ እንግዳው መጥቶ ሳይነካቸው ስለሚያልፍ፣ ወይም ጨርሶ ስለሚቀር ነው። የሃልሽታት ሰው "ተዉን" ይላል። የወንጪ ሰው "እኛንም አስገቡን" ነው የሚለው። ከአውሮፓ የተቀዳ መፍትሔ፣ ቁጥር መገደብ፣ ቀረጥ መጣል፣ እዚህ ሲመጣ ያስቃል። ቅዳሜ ሃምሳ አውቶቡስ ከመገደብ ይልቅ አምስቱ ምሳቸውን ወንጪ ቢበሉ ይሻላል።

ሌላው ብዙም የማይወራው የወቅት ነገር ነው። እንግዳ የሚበዛው ከመስከረም ማብቂያ ጀምሮ እስከ ጥምቀት ነው። አደይ ያብባል፣ ሰማዩ ይጠራል፣ መንገዱ ይደርቃል። ገበሬው ግን ያኔ አዝመራው እየደረሰለት ነው፤ ጎተራው ሊሞላ ነው። ገንዘብ የሚያጣው በሐምሌና በነሐሴ ነው። የማዳበሪያ ዕዳ አለ፣ እህል አልቋል፣ የትምህርት ቤት ደብተር ሊገዛ ነው። ያኔ ደግሞ ወንጪ በጉም ተሸፍና ጭቃ ናት፤ ፈረሱ ሜዳ ላይ ሣር ይበላል። የቱሪዝም ገንዘብ ሰው ጠግቦ ሳለ ይመጣል፣ ሲርበው ይጠፋል።

በክረምት በሩን የማይዘጋ አንድ ደንበኛ አለ፤ ሎጁ። ሠራተኞቹ በሐምሌም ይበላሉ፤ በዝናብም የሚመጣ እንግዳ አይጠፋም። የሎጁ ወጥ ቤት ድንቹን፣ ወተቱን፣ ማሩንና ዕንቁላሉን ከየት ይገዛል? ከአዲስ አበባ በመኪና እየመጣ ከሆነ ያ አዲስ መንገድ ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ እየሠራ ነው። ከወንጪ ገበሬዎች ማኅበር ጋር የዓመት ውል ቢገባስ? ጥራቱ መጀመሪያ ላይ ይወጣል ይወርዳል፤ ሼፉ ይበሳጫል። ፈረስ የሌላት፣ ጀልባ የሌላት፣ እንግሊዝኛ የማትችል፣ ግን ሁለት ላም ያላት ሴት በዚያ ውል ውስጥ ተራ ይደርሳታል። እስከ ዛሬ በየትኛውም ሰልፍ ላይ ስሟ የለም። የወንጪ ወረዳ ባለሥልጣናት የሎጁን ገቢ ሲዘግቡ የዚህችን ሴት የወተት ሒሳብ ቢጨምሩበት፣ እኔ በበኩሌ ከአልጋ ቁጥሩ ቀድሜ እሱን ነው የማነበው።